አትክልቱን የሚገድለው እንክብካቤያችን ሲሆንስ?

እሺ እንደምን ዋላችሁ፣ ከኋላ የቆማችሁ ቀረብ በሉ ድምፄ ብዙ ሩቅ አይሄድም። ስለ ጓሮ አትክልት፣ ስለ ስኬቱም ስለ ኪሳራውም አውራልን ስትሉኝ መጀመሪያ የመጣልኝ ተባይ ነበር፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ሲያገኘኝ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያሳየኝና «ምን መድኃኒት ልርጭበት?» ነው የሚለው። ፎቶውን ሳየው ግን አብዛኛውን ጊዜ ተባይ የለበትም። ጓሮ ላይ ብዙ አትክልት የሚሞተው ስለተረሳ ሳይሆን እረፍት ስላጣ ነው፣ ውሃ እናበዛበታለን፣ ፍግ እንከምርበታለን፣ ሲያሳዝነን ደግሞ ለመንቀል አንጀታችን አይችልም። ማርም ሲበዛ ይመራል ይባል የለ።

ከውሃ ልጀምር፣ ትልቁ ጉድ እሱ ነው። ችግኝ አፍልታችሁ ሁሉም ደስ ብሎት ብቅ ይላል፣ ከዛ አንድ ቀን ጠዋት ስትወጡ ግማሹ አንገቱ ጋ ቀጥኖ ድፍት ብሏል፣ ቆርጦ የጣለው ትል ይመስላችኋል፣ ግን ትል አይደለም፣ እርጥብ አፈርና የማይንቀሳቀስ አየር የሚወድ ፈንገስ ነው። ዘሩን ሳሳ አድርጎ መዝራት፣ ማታ ሳይሆን ጠዋት ማጠጣት፣ አየር እንዲያገኝ ማድረግ፣ በቃ ይሄ ነው መከላከያው፣ አንዴ የወደቀውን ግን የሚያነሳ መድኃኒት የለም። ሌላው የሚያሳስተው ነገር ደግሞ ምን መሰላችሁ፣ ውሃ የበዛበት ተክልም ውሃ እንደጠማው ነው የሚጠወልገው፣ ምክንያቱም ሥሩ አየር ሲያጣ ውሃ መሳብ ያቅተዋል፣ እኛ ደግሞ ጠውልጎ ስናየው ተሯሩጠን እንጨምርበታለን! ስለዚህ ቅጠሉን ሳይሆን አፈሩን ጠይቁት፣ ጣታችሁን ወደ 5 ሳንቲሜትር ያህል አስገቡ፣ እርጥበት ከነካችሁ ተዉት። ዱባማ በቀትር ፀሐይ ቅጠሉ ጠውለግ ማለቱ ያለ ነው፣ ማታ ላይ ራሱ ቀና ይላል።

ቲማቲም ላይ የማየው ደግሞ ይሄ ነው፣ ፍሬው ያምራል፣ ገልበጥ ስታደርጉት ታችኛው ጫፉ ጠቁሮ ሰርጉዷል። በሽታ ነው ብሎ የሚረጭ አለ፣ የእንቁላል ቅርፊት የሚቀብርም አለ። ነገሩ የካልሲየም እጥረት መሆኑ እውነት ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ ካልሲየሙ አፈሩ ውስጥ አለ፣ ወደ ፍሬው የሚያደርሰው ውሃ ነው፣ እና ሳምንቱን ሙሉ አድርቀን ቅዳሜ ስናጥለቀልቀው ፍሬው ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ቅርፊቱ ደግሞ ለመበስበስ ረጅም ጊዜ ነው የሚፈጅበት፣ ለዘንድሮ ቲማቲም አይደርስም። የተበላሸውን ፍሬ ለቅማችሁ ጣሉ፣ ከሥሩ ዙሪያ ደረቅ ሣር ወይ ገለባ ጎዝጉዙ፣ ውሃውን ጠለቅ አድርጋችሁ ሳታቆራርጡ ስጡት፣ ቀጥሎ የሚመጣው ፍሬ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ይሆናል። እኔ እንደውም ለጀማሪ አንድ ነገር ብቻ አድርግ ቢሉኝ ጉዝጓዙን ነው የምለው፣ ማዳበሪያውን አይደለም።

ፍግ ላይ ስንመጣ፣ ቃሪያው ወገብ ድረስ አድጎ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ አንድ ፍሬ የለውም የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል አይደል? ከፍጉ የሚያገኘው ናይትሮጂን በዝቶበት ነው፣ ተክሉ ጠግቦ ቅጠል ማብቀል ብቻ ሆኗል ሥራው፣ ለምለሙን ቅጠል ደግሞ ክሽክሽ፣ ያ ቅጠል የሚመጠው ትንሹ ተባይ፣ ይወደዋል። ካሮትም ፍግ የበዛበት ወይ ድንጋይ ያለበት አፈር ላይ ሁለት ሦስት እግር አውጥቶ ይመጣል። ያልበሰለ ፍግ ደግሞ ለጤናም ጥሩ አይደለም፣ ሰላጣና ካሮትን የመሰለ አፈር የሚነካ፣ በጥሬው የሚበላ ነገር የምትዘሩ ከሆነ ፍጉ አፈር ውስጥ ከገባ በኋላ እስከምትሰበስቡ ቢያንስ 4 ወር ይለፈው፣ የበሰለ ኮምፖስት ካላችሁ ግን ተገላገላችሁ።

ማሳሳት የሚባለው ነገር ላይ፣ ተጨናንቆ ከበቀለው መሃል መሃሉን መንቀል ማለት ነው፣ ሁሉም ይለግማል። ያሳዝናል በርግጥ፣ የበቀለ ነገር መንቀል። ግን ካሮት 5 ሳንቲሜትር ያህል መራራቅ ካላገኘ የሚወጣው ክር ነው። ቀይ ሥር ደግሞ ተንኮለኛ ነው፣ አንዷ ዘር የምትመስለን ነገር የብዙ ዘር ስብስብ ስለሆነች ተራርቆ ቢዘራም ተጣብቆ ነው የሚበቅለው፣ መሳሳቱ አይቀርለትም። የነቀላችሁትን የቀይ ሥር ቅጠል ብሉት፣ ይበላል።

ኪሳራ ብቻ አወራሁ መሰለኝ። በደንብ የሚሳካው ነገር ብዙ ጊዜ ብዙም የማይነኩት ነው። ቆስጣና ጎመን ከውጭ ከውጭ ያለውን ቅጠል እየቆረጣችሁ መሃሉን ከተዋችሁት ለወራት ይሰጣችኋል። ፎሶሊያ ከተዘራ ሁለት ወር ገደማ ላይ ይደርሳል፣ ሥሩ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ናይትሮጂንን ከአየር እየያዙ ስለሚያቀብሉት ፍግ ጨምሩልኝ እያለ አይጨቀጭቃችሁም። ዝኩኒና ዱባ የመጀመሪያ አበባቸው ረግፎ ሲቀር ደግሞ አትደንግጡ፣ መጀመሪያ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ወንዴው አበባ ነው፣ ሴቴዋ ከሥሯ ትንሽ ፍሬ ይዛ ዘግየት ብላ ትመጣለች። ንብ ከሌለ ጠዋት ላይ ወንዴውን ቆርጣችሁ መሃሏን መነካካት ነው። ፀሐይ ግን ቢያንስ 6 ሰዓት ያህል ያስፈልጋል፣ ጥላ ከሆነ ፍሬውን ትታችሁ ቅጠላ ቅጠሉ ላይ አተኩሩ።

ክሽክሽ ስታዩም ለመርጨት አትቸኩሉ። በውሃ ግፊት እጠቡትና ትንሽ ቀን ጠብቁ፣ ነጠብጣብ ያላት ቀይ ጥንዚዛ ከነልጆቿ ትመጣለች፣ መርዝ ከረጫችሁ ግን የምትገድሉት እሷንም ነው፣ ክሽክሹ ደግሞ ከእሷ ቀድሞ ነው የሚራባው።

አሁን ደግሞ የናንተ ጥፋት ያልሆነውን ልንገራችሁ፣ ሰው በማይሆን ነገር ራሱን ሲወቅስ ስለማይ። ቀኑ ከ35 ዲግሪ፣ ሌሊቱ ከ24 ዲግሪ በላይ ሲሆን ቲማቲም አበባውን ያረግፋል፣ እስኪበርድ ከመጠበቅ ውጪ ምንም ማድረግ አይቻልም። ሰላጣም ሙቀት ሲበዛበት ግንድ አውጥቶ ይመዘዝና ይመራል። ሌት ብላይት የሚባለው ደግሞ፣ ያ ድንችና ቲማቲምን በቀናት ውስጥ የሚያጠቁረው፣ ከ1845 ጀምሮ አየርላንድ ውስጥ የድንቹን ምርት አጥፍቶ ወደ አንድ ሚሊዮን ሰው የሞተበት ረሃብ ያመጣው እሱ ነው፣ በእርጥብና ቀዝቃዛ አየር በነፋስ ነው የሚመጣው። መጣ ማለት ሰነፋችሁ ማለት አይደለም። የተያዘውን ዛሬውኑ ንቀሉ፣ ኮምፖስት ውስጥ አትጨምሩት፣ ለጎረቤትም ንገሩ፣ ምክንያቱም የሱም ጓሮ ላይ ሊደርስ ይችላል። በሚቀጥለው ወቅት ደግሞ እዛው መደብ ላይ ድንችም ቲማቲምም አትትከሉ፣ ዘመዳሞች ናቸው።

የኔ ይሄው ነው፣ ፎቶ ይዛችሁ የመጣችሁ አሁን አምጡ፣ ግን መጀመሪያ የምጠይቃችሁ ለመጨረሻ ጊዜ ያጠጣችሁት መቼ እንደሆነ ነው።