ከመመዝገባችሁ በፊት ክፍሉን ገብታችሁ እዩ

የተከበራችሁ ወላጆች፣ አያቶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤

በቅድሚያ ይህን ስብሰባ ላዘጋጀው የወላጆች ኮሚቴ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ኮሚቴው እንድናገርበት የሰጠኝ ርዕስ ለሕፃን ልጅ የሞንቴሶሪ ትምህርት ቤት፣ ማለትም ልጁ በራሱ እጅ እየሠራ፣ በራሱ ፍጥነት የሚማርበት ትምህርት ቤት፣ እንዴት ይመረጣል የሚል ነው። ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁን የጫማ ማሰሪያ ማሰር ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ፣ ዛሬ ደግሞ የራሳችሁን ልጆች ልታስመዘግቡ ተሰብስባችኋል። ስለዚህ በመግቢያ አላደክማችሁም። ምዝገባው ደርሷል፣ በየአስፋልቱ ዳር ባነር ተሰቅሏል፣ ከባነሮቹ በብዙዎቹ ላይም «ሞንቴሶሪ» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። እኔ የመጣሁት በዚህ ስም ምን እየተሸጠላችሁ እንደሆነ ለመናገር ነው።

ስሙ ባለቤት የለውም። በአሜሪካ ጉዳዩ የንግድ ምልክት ክርክርን ለሚያየው አካል ቀርቦ በ1967 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ስሙ የአንድ የማስተማሪያ ዘዴ መጠሪያ በመሆኑ ማንም ለብቻው ሊይዘው እንደማይችል ተወስኗል። የዘዴው መሥራች ዶክተር ማሪያ ሞንቴሶሪ ራሳቸው ከልጃቸው ከማሪዮ ጋር በ1929 ያቋቋሙት፣ ዛሬ ዋና ጽሕፈት ቤቱ አምስተርዳም የሆነ ዓለም አቀፍ ማኅበር አለ፤ መምህራንን ያሠለጥናል፣ ዲፕሎማ ይሰጣል፤ ሳይሠለጥን ስሙን የሚለጥፈውን ግን በአብዛኛው አገር ሊከለክለው አይችልም። «ሽሮ ቤት» ብሎ ማንም ታፔላው ላይ እንደሚጽፍ ሁሉ ይህንንም ማንም ይጽፋል፤ ሽሮው የሚታወቀው ተቀምጦ ሲቀመስ ነው።

ዶክተር ሞንቴሶሪ ከሮም ዩኒቨርሲቲ በ1896 በሕክምና የተመረቁ ሐኪም ነበሩ። የመጀመሪያውን የልጆች ቤት የከፈቱት ጃንዋሪ 6 ቀን 1907 ሮም ውስጥ ሳን ሎሬንዞ በሚባል የድሃ ሠራተኞች ሰፈር ነው። ክፍሉ የተሰጣቸውም ወላጅ ሥራ ሲውል ጠባቂ ያጡት ሕፃናት የታደሰውን ሕንፃ ግድግዳ እንዳያበላሹ ተብሎ ነው። ዛሬ እኛ ዘንድ የባለገንዘብ መለያ የሆነው ዘዴ የተወለደው እንዲህ ነው። በነገራችን ላይ፣ ሙሶሊኒ መጀመሪያ ትምህርት ቤቶቻቸውን ደግፎ ነበር፤ እርሳቸውም ድጋፉን ተቀብለዋል፤ በኋላ ግን አልተስማሙም፣ በ1934 ከጣልያን ወጡ። በቀጣዩ ዓመት ያው ሰው ጦሩን በእኛ ላይ አዘመተ። «የጣልያን ነገር» ብሎ ለሚያጣጥል ሰው የምሰጠው መልስ ይኸው ነው።

አሁን ወደ መጣሁበት ልግባ። ባለፈው ክረምት ከእህቴ ልጅ ጋር የሦስት ዓመት ሴት ልጇን ልናስመዘግብ ወደ አንድ ትምህርት ቤት ሄድን፤ ስሙን አልጠራም። አጥሩ በካርቱን ሥዕል ደምቋል፣ ግቢው ሰው ሠራሽ ሣር ለብሷል፣ በቢሮው ግድግዳ ላይ የማሪያ ሞንቴሶሪ ፎቶግራፍ በወርቃማ ክፈፍ ተሰቅሏል። ርዕሰ መምህርቷ በትሕትና ተቀበሉን፣ ሻይ ጋበዙን፣ ቀጥለውም «የሞንቴሶሪ ክፍላችንን ላሳያችሁ» ብለው ወሰዱን። እኔ ይህን ስሰማ ደንግጫለሁ፤ ምክንያቱም ዘዴው የትምህርት ቤቱ ዘዴ ከሆነ «የሞንቴሶሪ ክፍል» የሚባል ለብቻው የተቀመጠ ክፍል ምን ማለት ነው? ልጆቹ በሳምንት ሁለት ቀን ለአርባ ደቂቃ እየተሰለፉ የሚገቡበት ክፍል ኖሯል። ውስጡ ባለመስታወት ቁም ሣጥን ቆሟል፣ ቁም ሣጥኑ ተቆልፏል፣ ቁልፉም ርዕሰ መምህርቷ ኪስ ውስጥ ነው። ከመስታወቱ ጀርባ ሁላችሁም በፎቶግራፍ የምታውቁት፣ ከእንጨት ኩቦች የሚደረደረው ሮዝ ቀለም ያለው ማማ ከትልቅ እስከ ትንሽ ተደርድሮ ይታያል። ልጅቷ ጣቷን መስታወቱ ላይ አድርጋ ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሿን ኩብ ለመንካት ስትሞክር ርዕሰ መምህርቷ «የኔ ቆንጆ፣ አይነካም» አሏት። ኋላ እኔን ለማስደሰት ብለው ከፍተው ማማውን አወጡልኝ። ኩቦቹ እንዳይጠፉ እርስ በርስ በማጣበቂያ ተጣብቀዋል።

ተጣብቀዋል! ይህን ስናገር ዛሬም ደሜ ይፈላል። እነዚያ አሥር ኩቦች ከአሥር ሴንቲ ሜትር ጀምረው አንድ አንድ ሴንቲ ሜትር እየቀነሱ እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር የሚወርዱት በከንቱ አይደለም። ልጁ አንድ በአንድ ተሸክሞ ምንጣፉ ላይ ያመጣቸዋል፣ ክብደታቸውን ክንዱ ያውቀዋል፣ ሲደረድራቸው ከተሳሳተ ማማው ተጎርብጦ ይታየዋል፣ አፍርሶም እንደገና ይሠራዋል። «ተሳስተሃል» የሚለው ሰው አያስፈልገውም። የዘዴው እምብርት ይህ ነው፤ እነርሱ በማጣበቂያ ዘጉት። ከዚያ ወጥተን መደበኛውን ክፍል ስናይ ከሠላሳ የሚበልጡ እኩያ ሕፃናት አግዳሚ ላይ ተጨናንቀው «ኤ ፎር አፕል» እያሉ በአንድ ድምፅ ይጮኻሉ። ክፍያውን ስንጠይቅ የነገሩን ገንዘብ የስሙ ዋጋ እንጂ የሌላ የምንም ዋጋ አልነበረም።

ታዲያ ምን ትፈልጉ? ከጠዋት ጀምሮ ወደ ሦስት ሰዓት የሚጠጋ ያልተቆራረጠ የሥራ ጊዜ መኖሩን እዩ፤ በየአርባ ደቂቃው ደወል የሚደወል ከሆነ ልጁ በጀመረው ነገር ሊመሰጥ አይችልም። ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ያሉት ልጆች በአንድ ክፍል ተቀላቅለው መሆናቸውን እዩ። ይህን ስል የሚገረም አለ፤ በየቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ግን አይገረምም። አንዱ ፊደል ይቆጥራል፣ ሌላው አቡጊዳ ላይ ነው፣ ሦስተኛው ዳዊት ይደግማል፤ ሁሉም በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር፣ እያንዳንዱ በራሱ ፍጥነት፤ ትልቁም ትንሹን ያስቆጥራል። አለንጋውን አልረሳሁትም፣ እርሱ ይቅርብን፤ አቀማመጡን ግን ለመልመድ ሮም መሄድ አያስፈልገንም ነበር።

ሌላ የማትስቱት መፈተኛ ልስጣችሁ። በዚህ ዘዴ ፊደሉ ከብርጭቆ ወረቀት ተቆርጦ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ ልጁም ድምፁን እያለ ሻካራውን ቅርጽ በሁለት ጣቱ ይከተላል። ከውጭ በካርቶን ታሽጎ የሚመጣው 26 የላቲን ፊደላትን የያዘ ነው። የእኛው 33ቱ ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ይህን ተቀምጦ የሚቆርጥ ትዕግሥተኛ መምህርና አንድ አናጺ እንጂ ዶላር አይፈልግም። «የ‹ሀ› ሰሌዳው የታል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከሌለ ትምህርት ቤቱ የገዛው ካርቶን ነው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ግን ጥፋቱን በሙሉ በትምህርት ቤቶች ላይ ጥዬ ብወርድ ለእናንተ ማድላት ይሆንብኛል። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ በሆነው ልጅ ኮሙኒኬሽን ቡክ ላይ «ዛሬ የቤት ሥራ ለምን አልተሰጠም?» ብሎ የሚጽፈው ማን ነው? ልጁ ውኃ ከማንቆርቆሪያ ወደ ብርጭቆ ሳያፈስ መቅዳቱን ተምሮ ሲመጣ «ይህን ለመማር ነው እንዴ የምከፍለው?» የሚለው ማን ነው? መምህርቷ እኮ ትፈራችኋለች! ፈርታም የልጁን እጅ ይዛ ነጥብ ነጥቡን ታስኬዳለች፤ ደብተሩ ይሞላል፣ እናንተም ትደሰታላችሁ። ባለጉጦቹን የእንጨት ሲሊንደሮች በሦስት ጣቱ እያነሳ መልሶ የሚሰካው ልጅ እጁን ለእርሳስ እያዘጋጀ መሆኑን የሚነግራችሁ መምህር ሲገኝ ደግሞ «ልጄን ያጫውታል» ብላችሁ ልጁን ከትምህርት ቤቱ ታስወጣላችሁ። ወላጅ የሚከፍለው ለደብተር ከሆነ ነጋዴው ደብተር ያቀርባል፤ ስሙን ደግሞ ታፔላው ላይ ይጨምርላችኋል።

የቀረውን ባጭሩ እላለሁ። መምህራኑ ሥልጠናውን የት እንደወሰዱ ጠይቁ፤ «የሁለት ቀን ወርክሾፕ» የሚል መልስ አይበቃም። መጸዳጃ ቤቱን እዩ፤ ልጁ ብቻውን ሊጠቀምበት የሚችል ቁመት ከሌለው ስለ ራስን መቻል የሚነገረውን አትስሙ። ከቤታችሁ ያለውን ርቀትም አስቡ፤ በሰርቪስ ሁለት ሰዓት የተንገላታ ሕፃን በየትኛውም ዘዴ አይማርም። ጋዋን አልብሶ ሕፃናትን ስለሚያስመርቀው ነገር ሌላ ቀን እናገራለሁ።

በሥራ ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ መመዝገቢያ ከመክፈላችሁ በፊት ሂዱና «ጥግ ላይ ተቀምጬ ዝም ብዬ ልይ» በሉ። «ወላጅ ክፍል መግባት አይፈቀድለትም» ካሏችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ። አሁን ጥያቄ እቀበላለሁ፤ የዚያን ትምህርት ቤት ስም የሚጠይቀኝ ካለ ግን ከወዲሁ እጁን ያውርድ።