ማን ወጣ፣ ማን ቀረ? የሎስ አንጀለስ አየርና አፈር

ሳባ፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ስለ ላውራ ፑሊዶ ነው የምናወራው። የጂኦግራፊ ምሁር ናት፣ ሎስ አንጀለስን አብጠርጥራ ያጠናች። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምንጠራው።

ዮናስ፦ ጂኦግራፊ ሲባል ሰው ተራራና ወንዝ ነው የሚመጣበት። የሷ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ፋብሪካው የት ተተከለ፣ ጭሱን የሚተነፍሰው ማነው፣ ለምንስ እሱ ሆነ?

ሳባ፦ በ2000 ያወጣችው አንድ ጽሑፍ አለ። ያኔ ብክለት ለምን ነጭ ባልሆኑ ሰዎች ሰፈር ይበዛል ሲባል፣ ክርክሩ ባብዛኛው "ባለፋብሪካው ሆን ብሎ ነው ወይስ አይደለም?" የሚል ነበር። እሷ አንድ ክፉ ሰው ብቻ አትፈልጉ አለች። ነጮቹ ከመሀል ከተማ ወጥተው አዲስ ሰፈር ሲገቡ፣ ማን አብሮ እንዲወጣ ተፈቀደለት፣ ማንስ ፋብሪካው ሥር ቀረ? እሱን እዩ ነው የምትለው።

ዮናስ፦ የሎስ አንጀለሱን ቦይል ሃይትስን ውሰጂ። አይሁዱ፣ ጃፓኑ፣ ሜክሲካዊው ተቀላቅሎ የሚኖርበት የስደተኛ ሰፈር ነበር። በ1939 በወጣው የፌዴራል የቤት ብድር ካርታ ላይ ቀይ ተቀባ፤ ቀይ ማለት ለባንኩ "እዚህ ብድር መስጠት አደጋ አለው" ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አይሁዶቹ ቀስ በቀስ ወደ ምዕራብ ሄዱ፣ ሜክሲካውያኑ ቀሩ። ከዚያ ፍሪዌዮቹ፣ ሰፋፊዎቹ የመኪና አውራ ጎዳናዎች፣ መጡ፣ ቤት እያፈረሱ። ሎስ አንጀለስ ያላችሁ አበሾች፣ በ10 ወይም በ5 ቁጥር ፍሪዌይ በዚያ ስታልፉ የምትሰነጥቁት የሰው ሰፈር ነው።

ሳባ፦ ከጎኑ ደግሞ ቨርነን አለ፣ ፋብሪካ በፋብሪካ የሆነ ከተማ። ኤክሳይድ የሚባለው ድርጅት እዚያ አሮጌ የመኪና ባትሪ እያቀለጠ እርሳሱን ያወጣ ነበር። ብናኙ ጓሮ ላይ ያርፋል። ሕፃን አፈሩ ላይ ይድሃል፣ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል፣ በቃ። እርሳስ የልጅ አእምሮ ይጎዳል፤ "ይህን ያህል ቢሆን ችግር የለውም" የሚባል መጠን እንኳ የለውም።

ዮናስ፦ ሰዉ ግን ዝም አላለም። በ1980ዎቹ "የምሥራቅ ሎስ አንጀለስ እናቶች" ተነሡ። ነጭ ሻሽ አስረው ነበር ሰልፍ የሚወጡት። መጀመሪያ ሰፈራቸው አጠገብ ሊሠራ የነበረውን እስር ቤት ተቃወሙ፣ ቀጥሎ ቨርነን ላይ የታቀደውን የመርዛማ ቆሻሻ ማቃጠያ። ሁለቱንም አስቀሩ!

ሳባ፦ ፑሊዶ በ1996 መጽሐፏ ስለ ካሊፎርኒያ የእርሻ ሠራተኞች የጻፈችው ከዚህ ጋር ይገጥማል። ለነሱ ፀረ ተባዩ ከደመወዙ የተለየ ጉዳይ አልነበረም። በ1970 የወይን ለቃሚዎቹ ማኅበር ከባለእርሻዎች ጋር ሲፈራረም ዲዲቲ የሚባለውን ፀረ ተባይ በውሉ አስከለከለ። አገሪቱ የከለከለችው በ1972 ነው፣ ሠራተኞቹ ቀድመዋት!

ዮናስ፦ ለዚህ ነው ስለ ስደተኛ ጤና ሲወራ "አመጋገባቸው ነው፣ ሐኪም ቤት አይሄዱም" ብቻ ሲባል የሚያናድደኝ። ኪራዩን፣ ሥራውን፣ አፈሩንስ ማን ይይ?

ሳባ፦ ኤክሳይድስ ምን ሆነ?

ዮናስ፦ ፋብሪካው በ2015 ተዘጋ። በ2020 ደግሞ ፍርድ ቤት ድርጅቱ ኪሳራ ላይ ነው ብሎ ቦታውን ጥሎ እንዲወጣ ፈቀደለት። የሰዉን ጓሮ እየቆፈረ አፈሩን የሚቀይረው የካሊፎርኒያ መንግሥት ነው፣ በሕዝብ ገንዘብ።

ሳባ፦ ስለዚህ መርዙን የተነፈሱትም ከከፋዮቹ ውስጥ ናቸው።

ዮናስ፦ አዎ፣ በግብራቸው።