ኮሚናላችን ለቤቲንግ አይከራይ
በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በአዲስ ገቢ ነዋሪዎች ስም የተደረገ ንግግር፣ ቦሌ አራብሳ

የተከበሩ የእድራችን ሊቀመንበር፣ የኮሚቴ አባላት፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ጎረቤቶቼ፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

በአዲስ ገቢዎች ስም አጠር ያለ የምስጋና ቃል እንዳሰማ ነው የተጠየቅሁት። ምስጋናው ከልብ ነው። ቁልፍ ተረክበን ስንመጣ ቤቱ ባዶ ሲሚንቶ ነበር። ፊኒሺንግ እስክንጨርስ ውሃ ያቀበላችሁን፣ ሴራሚካችንን ሳሎናችሁ ውስጥ ያሳደራችሁልን እናንተ ናችሁ። ውሃ የሚመጣው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት መሆኑን ቁልፉን ያስረከበን ሰው አልነገረንም። የነገሩን ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እናት ናቸው። በሌሊት በራችንን አንኳኩተው «ልጄ፣ ተነስ፣ ባልዲህን ደቅን» አሉኝ። እግዜር ይስጥልን።

ምስጋናዬ ይኸው ነው። አሁን ወደ መጣሁበት ልግባ። አጀንዳ ሦስት።

«የኮሚናሉን ግማሽ ለቤቲንግ ቤት ስለማከራየት» ይላል የተበተነው ወረቀት። ለቅሶ የምንቀመጥበት፣ ድንኳናችንና ድስታችን ያለበት፣ የበዓል በሬ የምናርድበት የጋራ ቤታችን፣ ኮሚናሉ ማለት ነው። ቤቲንግ ደግሞ የኳስ ውርርድ ነው።

ዕቃ ያስገባሁ ዕለት አልጋዬን አራተኛ ፎቅ ያወጣልኝ አንድ የሰፈራችን ልጅ ነው። ስሙን አልጠራም። ቁም ሳጥኑ ደረጃው መታጠፊያ ላይ አልዞር ሲል፣ መዝጊያዎቹን ፈትቶ፣ ቀሪውን በጀርባው አዝሎ ብቻውን አወጣው። ጎበዝ ልጅ ነው። ሰው አክባሪም ነው። ዝርዝር ስላልነበረኝ «ቀሪውን ማታ እሰጥሃለሁ፣ የት ላግኝህ?» አልኩት። «ቤቲንግ ጋ» አለኝ። እኔ ፌርማታውን መሰለኝ። የታክሲ ረዳቶቹ «ቤቲንግ ጋ ወራጅ አለ?» ነው የሚሉት። ከጎኑ ትምህርት ቤት አለ፣ ጤና ጣቢያም አለ። ፌርማታችን ግን የተጠራው በቤቲንጉ ነው።

ማታ ፌርማታው ላይ ብቆም ልጁ የለም። ገባሁ።

ገብታችሁ የማታውቁ እናቶች ስላላችሁ ልንገራችሁ። ግድግዳው ላይ የጨዋታ ዝርዝር ተለጥፏል፤ ከየጨዋታው ጎን ኮድ አለ። እስክሪብቶዎቹ በሲባጎ ታስረዋል። ወለሉ በተጨማደደ ትኬት ነጭ ሆኗል። አንዱ ስክሪን ኳስ ያሳያል፣ ሌላው ቨርቹዋል የሚሉትን፣ በየደቂቃው የሚሮጥ የኮምፒውተር ውሻ። ልጁ ጥግ ላይ ቆሟል። አሥር ጌም ቆርጧል፤ ዘጠኙ ገብቶለታል፣ አንድ ቀርቶታል። ያቺ አንዷ ቡድን አንድ ለዜሮ እየመራች ነው። ብሩን ሰጠሁት፣ አመሰገነኝ፣ ዓይኑን ግን ከስክሪኑ አልነቀለም። ሰዓቱ ካለቀ በኋላ፣ በባከነው ሰዓት ላይ፣ አቻ ሆኑ። ይጮሃል ብዬ ነበር። አልጮኸም። «ተበላሁ» አለ በቀስታ። ከዚያ አጠገቡ ያለውን ልጅ «እስክሪብቶውን ስጠኝማ» አለው። በእኔ ብር ሌላ ትኬት ሊቆርጥ ነው። ቁም ሳጥን በተሸከመበት ብር!

ዕድሜዬን ሒሳብ ሳስተምር የኖርኩ ነኝ፤ ሳልጠየቅ አሰላለሁ። አሥር ጨዋታ፣ እያንዳንዱ 1.5 ኦድ፤ ኦድ ማለት ጨዋታው ከገባ ብሩ የሚባዛበት ቁጥር ነው። ሲባዛ 57 ከምናምን ይመጣል። 20 ብር የቆረጠ ሁሉም ከገባለት 1,153 ብር ያገኛል። ከ1,000 ብር ያለፈ የዕድል ጨዋታ ገቢ ላይ አዋጅ 979/2008 ሲወጣ 15 በመቶ ግብር ጥሎበት ነበር፤ በዚያ ስሌት እጁ የሚገባው 980 ብር ነው። ደስ ይላል። እንዲገባለት ግን አሥሩም መሳካት አለባቸው። እያንዳንዱ ጨዋታ ከአሥር ስድስቴ ይሳካል ብለን እንቸራቸው። አሥሩ አንድ ላይ የሚሳኩት ከ1,000 ትኬት በ6ቱ ገደማ ነው። 1,000 ትኬት 20,000 ብር ይሰበስባል። ለስድስቱ የሚከፈለው ግብሩ ሳይነሳ 7,000 ብር አይሞላም። ቀሪው 13 ሺህ የማነው? የኮሚናላችን ተከራይ ነው።

ኪራዩንም ከዚሁ ነው የሚከፍለን። ይኸንኑ ክፍል ልከራይ ካለው መዋዕለ ሕፃናት እጥፍ ሰጠን ብላችሁ የተደሰታችሁ የኮሚቴ አባላት፣ እጥፉ ከልጆቻችን ኪስ ዞሮ የመጣ ነው። በራሳችን ልጆች ብር የውሃ ፓምፕ ልናስጠግን ነው!

«ፈቃድ አለው» ትሉኛላችሁ። አለው። ብሔራዊ ሎተሪ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ እኔም ለእንቁጣጣሽ ሎተሪ ቆርጬ አውቃለሁ። የእንቁጣጣሹ ግን በዓመት አንዴ ነው። ውሻው በየደቂቃው ይሮጣል። ደግሞ ፈቃድ ያለው ሁሉ ለቅሶ ቤታችን ውስጥ ይግባ ያለ ሕግ የለም።

አንድ የኮሚቴ አባል ደግሞ ደረጃ ላይ ይዘውኝ «መምህር፣ አንተስ በዕጣ አይደል እንዴ ቤት ያገኘኸው?» አሉኝ። ሳቅን። ጥያቄው ግን መልስ ይፈልጋል። አዎ፣ በዕጣ ነው። በ1997 ተመዝግበን፣ በ2005 እንደገና ተመዝግበን፣ በሐምሌ 2014 የወጣው ዕጣ ተሰርዟል ሲባል እልልታችንን መልሰን የዋጥን ሰዎች ነን። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ዓመት ዕጣ ያልወጣለት ሰው ቁጠባው ከባንክ ደብተሩ አልጠፋም። ቤት አጣ እንጂ ብሩን አልተበላም። እዚያ ማዶ ያልወጣለት ልጅ ምን ይዞ ነው ወደ ቤቱ የሚገባው?

የፌርማታውን ቤቲንግ ስለ ማሸግ ደግሞ አታውሩኝ። እኔ ከመጣሁ እንኳ ስንቴ ታሸገ፣ ስንቴ ተከፈተ! ፈቃዱን የሚሰጠው ሌላ፣ የሚያሽገው ወረዳ። አንዱ «ሕጋዊ ነው» ይላል፣ ሌላው ወረቀት ለጥፎ ማኅተም ይመታል። ጥቂት ቆይቶ ወረቀቱ ይነሳል፤ ማን እንዳነሳው የሚያውቅ የለም። በመሃሉ ልጆቹ ስልካቸው ላይ ይቆርጣሉ፣ ብሩም በቴሌብር ይሄዳል። ስልክ የሚያሽግ ወረዳ ደግሞ የለም። አምና እዚሁ ቆማችሁ «ይታሸግልን» ብላችሁ ፊርማ ካሰባሰባችሁት መካከል ምድር ቤት ያለ ሱቃችሁን ለማን እንዳከራያችሁ ሰፈሩ ያውቃል። እኔ አዲስ ገቢው እንኳ አውቄዋለሁ! በአደባባይ እየረገሙ በወር መጨረሻ ኪራይ መቀበል የት አገር ነው ያለው? ሱቁ የግላችሁ ነው፣ አልከለክላችሁም። ኮሚናሉ ግን የሁላችንም ነው።

እሺ፣ ፓምፑስ? መዋዕለ ሕፃናቱ የሚከፍለው ግማሹን ይሸፍናል። ለቀሪው ከየቤቱ እናዋጣ፤ ለድንኳኑ አዋጥተን የለ። ማታ ማታ ክፍሉ ባዶ ከሆነ እኔ የስምንተኛና የአሥራ ሁለተኛ ተፈታኞችን ሒሳብ በነፃ አስጠናለሁ። ቾክ ብቻ ግዙልኝ።

አንድ ጥያቄ ለሊቀመንበሩ። አጀንዳ ሦስት ላይ ድምፅ ሲሰጥ በወረቀት ሳይሆን እጅ በማውጣት ይሁን። ጸሐፊያችን ደግሞ «ይከራይ» ያልነውን ሁሉ ከነብሎካችን ቃለ ጉባኤው ላይ ይመዝግቡልን። አመሰግናለሁ።