የተቀደደው ክንፍ

የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች፣ ውድ የቴክኒክና ሙያ ተመራቂዎች፣

እኛ አዲሱን ሚሊኒየም ከተቀበልን ስድስት ሳምንት ገደማ ሲሆነው፣ ጥቅምት 12 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ዲስከቨሪ የተባለችው መንኮራኩር ሰባት ጠፈርተኞች ይዛ ከፍሎሪዳ ተነሣች። አዛዧ ፓሜላ ሜልሮይ ነበረች። መድረሻዋ የሆነውን ዓለም አቀፉን የጠፈር ጣቢያ ደግሞ ፔጊ ዊትሰን ትመራ ነበር። መንኮራኩሩንም ጣቢያውንም በአንድ ጊዜ ሴቶች ሲመሩ ያ የመጀመሪያው ነው፤ እዚህ የተቀመጣችሁ ሴት ልጆች ይህን ያዙልኝ።

ሥራቸው ግንባታ ነበር። ሃርመኒ የተባለ አዲስ ክፍል አደረሱ፤ በጊዜያዊ ቦታ የቆየውን የፀሐይ ኃይል ማመንጫም ነቅለው ዘላቂ ቦታው ላይ ተከሉ። ጥቅምት 19 ቀን ታጥፈው የነበሩትን የፀሐይ ብርሃን መቀበያ ክንፎቹን ሲዘረጉ፣ አንደኛውን ክንፍ ሽቦ ያዘውና ተቀደደ።

የኤሌክትሪክ ተመራቂዎች፣ ጥገና ስትጀምሩ መጀመሪያ የምታደርጉት ኃይል ማቋረጥ ነው። እዚያ ግን የሚጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ አልነበረም። ክንፉ ፀሐይ እስካገኘ ድረስ ከ100 ቮልት በላይ ያመነጫል። በዚያ ላይ ስፍራው ከመውጫው በር እጅግ ሩቅ ነው።

በምድር ያሉት መሐንዲሶች ሌት ተቀን ሲመክሩ ሰንብተው መመሪያ ላኩ። ጠፈርተኞቹም በጣቢያው ውስጥ ካገኙት ስስ አሉሚኒየምና ሽቦ አምስት ማያያዣዎች በእጃቸው ሠሩ። ነገሩ የሸሚዝ እጅጌ ቁልፍን ይመስላል፤ አንዱ ጫፍ ከስንጥቁ በላይ ባለ ቀዳዳ፣ ሌላው ከበታቹ ባለ ቀዳዳ ይገባና ጭነቱን ከተጎዳው ቦታ ተቀብሎ ይሸከማል። ብረት የሆነውን መሣሪያ ሁሉ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ቴፕ ጠቀለሉት።

ጥቅምት 23 ቀን ስኮት ፓራዚንስኪ ወጣ። በሙያው ሐኪም፣ ቁመቱ ዘለግ ያለ ሰው ነው፤ እጁ መርዘሙም ያን ዕለት ጠቀመ። የጣቢያው የሮቦት ክንድ ብቻውን ስለማይደርስ ከመንኮራኩሯ የመጣ፣ 15 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ዘንግ ተቀጠለለት። ያ ዘንግ ሰባት ጠፈርተኞች ካለቁበት ኮሎምቢያ የተባለችው መንኮራኩር አደጋ በኋላ፣ የመንኮራኩርን ሙቀት መከላከያ ለመመርመር የተሠራ ነው። ስለ እሱ ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል፤ ከሐዘን የተወለደ መሣሪያ ነውና።

አብሮት የወጣው ጠፈርተኛ ዳግ ዊሎክ ከክንፉ ሥር ሆኖ ርቀቱን እየተመለከተ ይነግረዋል። ፓራዚንስኪ የተወሳሰበውን ሽቦ ቆረጠ፤ ማያያዣዎቹንም አንድ በአንድ አስገባ። ከዚያ በውስጥ ያሉት ክንፉን በጥቂት በጥቂቱ ዘረጉት፣ እሱ እዚያው ሆኖ እያየ። ያዘ! ከወጡበት እስከተመለሱበት 7 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ፈጀ።

እኔም ሰሞኑን ከቆርቆሮ ቁራጭና ከሽቦ አንድ ማያያዣ ለመሥራት ሞክሬ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ። ከዝግጅቱ በኋላ መጥታችሁ በእጃችሁ ያዙት፤ የብረታ ብረት ተመራቂዎች ደግሞ ከእኔ የተሻለ ሠርታችሁ አሳዩኝ።

አመሰግናለሁ።