ሬሳው በኢምጂን ወንዝ ላይ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ከፊት ለፊቴ ከሰባ ዓመት በፊት የወጣ የአሜሪካ ኮሚክ፣ ማለትም በተከታታይ ሥዕሎች የሚተረክ ታሪክ፣ ተዘርግቷል፤ የያዝኩት ዳግም የታተመውን ነው እንጂ የያኔው በ10 ሳንቲም ይሸጥ ነበር። «ሬሳ በኢምጂን ላይ» ይላል ርዕሱ፤ ኢምጂን የኮሪያ ወንዝ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1952 መጀመሪያ «ቱ-ፊስትድ ቴልስ» በተባለ መጽሔት ወጣ፤ ጽሑፉም ሥዕሉም የሃርቪ ከርትዝማን ነው። የኮሪያ ጦርነት ገና አላበቃም ነበር።

አንድ አሜሪካዊ ወታደር ወንዝ ዳር ተቀምጦ ውኃ የሚወስደውን ሬሳ ይመለከታል። ምን ገደለው ይሆን እያለ ያሰላስላል። መድፍ? ጥይት? መቼም በዚህ ዘመን ሰው የሚገደለው ከሩቅ ነው፣ የጨበጣ ውጊያ ድሮ ቀረ ብሎ ያስባል። ሐሳቡን ሳይጨርስ የጠላት ወታደር ይደርስበታል። ይተናነቃሉ፣ ወንዙ ውስጥ ይወድቃሉ፣ አሜሪካዊው የዚያን ሰው ራስ ውኃ ውስጥ ይደፍቃል።

ሌላ ሠዓሊ ቢሆን ይህን በአንዲት ሥዕል ይገላገለው ነበር። ከርትዝማን ግን አይቸኩልም። ይደፍቀዋል። በሚቀጥለው ሥዕል አሁንም ይደፍቀዋል። በሚቀጥለውም። አረፋው ይወጣል፣ ይቀንሳል፣ ይቆማል። መጀመሪያ ሳነበው ትንፋሼን ይዤ ነበር፤ የሟቹን ያህል ባይሆንም። ከዚያም ሌላ ሬሳ ወንዙን ይዞ ይወርዳል።

እኛ ፉከራ እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን። «ገዳይ!» አንዲት ቃል ናት፤ ዘራፍ ተብሎ፣ እልል ተብሎ ታልፋለች። ፉከራን አልነቅፍም፣ ዛሬም ደሜን ያሞቀዋል። በዚያች ቃል ውስጥ ስንት ትንፋሽ እንደታፈነ ያሳየኝ ግን ይህ የልጆች ነው የሚባል መጽሔት ነው።

በነገራችን ላይ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 «ብሌዚንግ ኮምባት» የተባለ መጽሔት የቬትናምን ጦርነት በዚሁ ዓይን ሊያሳይ ሞክሮ ከ4 እትም አላለፈም። የጦር ሰፈር ሱቆች አንሸጥም አሉት።

በዚያው በኮሪያ ጦርነት የእኛም የቃኘው ሻለቃ ነበረ፤ የመጀመሪያው የዘመተው በ1943 ዓ.ም. ነው። በሰፈራችን አንድ ዘማች ነበሩ። ልጆች ሆነን ደጃቸው ላይ እንከባቸውና «አባባ፣ ስንት ሰው ገደሉ?» እንላቸዋለን። እሳቸው ሁልጊዜ የሚያወሩልን ስለ ብርዱ ነው፤ ጣትን ከጠመንጃው ብረት ጋር ስለሚያጣብቀው ብርድ። ቅር እያለን እንሰማለን። ወደ ብርዱ ወሬ ከመግባታቸው በፊት ግን ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ይሉ ነበር። እኛ ደግሞ አላስችል ብሎን «እሺ፣ ከዚያስ?» እንላቸው ነበር።