ከወጡ ጨው እስከ ጨጓራው አሲድ

[ምስል፦ የካ አባዶ፣ ኮንዶሚኒየም ቤት ውስጥ፣ ጠዋት። ጠረጴዛ ላይ የተቀቀለ ድንች፣ የገበታ ጨው፣ አቼቶ፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ ከፋርማሲ የተገዛ አዮዲን።]

ሰላም፣ እንደምን ናችሁ?

9ኛ ክፍል ስትገቡ ኬሚስትሪ አንድ መጽሐፍ፣ ባዮሎጂ ሌላ መጽሐፍ ነው። በአንዱ ሶዲየም ክሎራይድ፣ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ ሶዲየም ባይካርቦኔት እያላችሁ ፎርሙላ ትሸመድዳላችሁ። በሌላው ጨጓራ፣ ቆሽት፣ ትንሹ አንጀት እያላችሁ ሥዕል ትሥላላችሁ። እነዚያ ሦስት ውህዶች አሁን በዚህች ደቂቃ ሆዱ ውስጥ ሥራ ላይ እንዳሉ ማንም ሳይነግረው ፈተናውን አልፎ የሚሄድ ተማሪ ብዙ ነው። ይሄ ያሳዝነኛል። ስለዚህ ዛሬ ሁለቱን መጽሐፍ አንድ ላይ ገልጠን አንድ ነገር ብቻ እንከተላለን፦ ሽሮ ወጥ ውስጥ የገባ ቁንጥር ጨው።

ጨዉ ራሱ ምንድን ነው? ከአፋር፣ ከአፍዴራ የሚመጣው ጨው የሐይቁ ውሃ በፀሐይ ተኖ የቀረው ነው። የኬሚስትሪ ስሙ ሶዲየም ክሎራይድ፤ ክፍል ውስጥ ኤንኤሲኤል የምንለው። ሶዲየም ለብቻው በቢላ የሚቆረጥ ለስላሳ ሜታል ነው፤ ውሃ ሲነካው ይንቀለቀላል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ክሎሪን ለብቻው ቢጫ አረንጓዴ ጋዝ ነው፣ ያውም መርዝ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1915 እ.ኤ.አ.፣ የጀርመን ጦር ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር አጠገብ በወታደሮች ላይ የለቀቀው እሱን ነው። ሁለቱ ሲዋሃዱ ግን ያለ እሱ ወጥ የማይበላ ነገር ይሆናሉ። ውህድ ሲባል ከአባላቱ የማይገኝ አዲስ ጠባይ ያለው ነገር ነው።

ጨው ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ለሁለት ይለያያል። አንዱ የሶዲየም አዮን፣ ሌላው የክሎራይድ አዮን፤ አዮን ማለት ኤሌክትሮን የጨመረ ወይም ያጣ አተም ነው። ክሎራይድ ያ መርዘኛ ጋዝ አይደለም፤ አንድ ኤሌክትሮን ጨምሮ የረጋ ነው። ከዚህ በኋላ የምንከተለው ክሎራይድን ነው።

[ምስል፦ ጉርሻ፣ በቅርብ።]

ጉርሻው አፍ ገባ። የእንጀራው ትልቁ ክፍል ስታርች ነው፤ ስታርች ደግሞ ብዙ ግሉኮስ ተያይዞ የሠራው ረጅም ሰንሰለት ነው። ምራቅ ውስጥ አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም፣ ማለትም የሰውነትን ኬሚካዊ ሥራ የሚያፋጥን ፕሮቲን አለ፤ ሰንሰለቱን መቆራረጥ የሚጀምረው እሱ ነው። አሚሌዝ በደንብ እንዲሠራ ታዲያ ክሎራይድ ያስፈልገዋል። ጨዋችን ገና ከአፍ ሳይወጣ ሥራ አገኘ ማለት ነው።

ይሄን ቤታችሁ ሞክሩት። ከጉሊት አንድ ድንች ግዙና ላጡ፣ ቆራርጣችሁ ቀቅሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ባቄላው እሳት ላይ የሚቆየው አንድም ለዚህ ነው። የድንቹን ውሃ በሁለት ብርጭቆ ትንሽ ትንሽ ቅዱና እስኪበርድ ጠብቁ፤ ለብ ሲል አንዱ ውስጥ ምራቃችሁን እንትፍ በሉበትና አማስሉት። ሌላውን ተዉት። በዚህ ሰፈር የጠዋቱ ብርድ አይጣል ነው፤ አሚሌዝ ደግሞ የሚወደው የሰውነታችንን ሙቀት፣ 37 ዲግሪን ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ያለበት ሳህን ውስጥ አቁሟቸው። ከሩብ ሰዓት በኋላ አዮዲኑን በውሃ አቅጥናችሁ ሁለቱም ላይ ጠብ አድርጉ።

[ምስል፦ ሁለቱ ብርጭቆዎች በቅርብ። ምራቅ የሌለበት ወዲያው ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል። ምራቅ ያለበት ቢጫ ቡናማ ሆኖ ይቀራል።]

አዮዲን ስታርች ሲያገኝ ይጠቁራል። ምራቅ ባለበት ብርጭቆ ካልጠቆረ ስታርቹ ተቆራርጦ አልቋል። ጥቂት ከጠቆረባችሁ ደግሞ ጊዜ አንሶታል፤ እንደገና ሥሩትና ቆየት አድርጉት። ስትጨርሱ ሁለቱንም ድፉ፣ እንዳይጠጣ። አዮዲን ካላገኛችሁ ቀላሉ መንገድ ይኸውላችሁ፦ ስኳር የሌለው ዳቦ ሳትውጡ አንድ ሁለት ደቂቃ አኝኩ። መጣፈጥ ይጀምራል። ያ የጣፈጣችሁ ማልቶዝ ነው፤ ስታርቹ ሲቆረጥ የወጣ ስኳር።

አሁን ዋጥነው። ጨጓራ ደረስን።

እዚህ ቆም እንበል፤ ጉዳዩ ያለው እዚህ ነው። የጨጓራ ግድግዳ ውስጥ ያሉ ሕዋሶች ከደም ክሎራይድን ይወስዳሉ፤ ቀድሞ ከበላነው ጨው ደም ውስጥ የገባውን ማለት ነው። ከዚያ ካርቦን ዳይኦክሳይድንና ውሃን አዋህደው ካርቦኒክ አሲድ ይሠራሉ። ከእሱ የሃይድሮጅን አዮን ይወጣል። ሃይድሮጅኑና ክሎራይዱ ወደ ጨጓራው ክፍት ቦታ ይለቀቃሉ፤ አንድ ላይ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ናቸው። ኤችሲኤል። ላቦራቶሪ ውስጥ "አትንኩ" ተብሎ የሚቀመጠው አሲድ በገበታ ጨው ክሎራይድ ሆዳችን ውስጥ ይሠራል። እኔ ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል።

ባዶ ጨጓራ ውስጥ ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያው፣ ከ1 እስከ 3 ገደማ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል። አሲዱ ሁለት ትልቅ ሥራ አለው። ከምግብ ጋር የገባውን ጀርም አብዛኛውን ይገድላል። ፔፕሲን የተባለውን ኢንዛይም ደግሞ ያነቃል፤ የሽሮውን ፕሮቲን መቁረጥ የሚጀምረው ፔፕሲን ነው።

ይሄ እንዴት ታወቀ? የጨጓራ አሲድ ሃይድሮክሎሪክ መሆኑን በ1824 እ.ኤ.አ. ያሳየው እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ፕራውት ነው። ሌላው ታሪክ ግን የበለጠ ይደንቃል። በ1822 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በማኪናክ ደሴት አሌክሲስ ሴንት ማርቲን የተባለ ወጣት ሠራተኛ በስህተት በተተኮሰ ጥይት ሆዱን ተመታ። ዳነ፤ ቁስሉ ግን ሳይደፈን ከውጭ እስከ ጨጓራው ድረስ ቀዳዳ ሆኖ ቀረ። ያከመው የጦር ሐኪም ዊሊያም ቦሞንት ሥጋና አትክልት በሐር ክር እያሰረ በቀዳዳው ያስገባ ነበር። ከዚያ እየጎተተ ያወጣና ምን ያህል እንደተፈጨ ያያል። ፈሳሹን ቀድቶም ብርጭቆ ውስጥ ከምግብ ጋር አስቀመጠው፤ ምግቡ እዚያም ተፈጨ። ጨጓራ ምግቡን በጡንቻው በማሸት ብቻ ሳይሆን በኬሚስትሪም እንደሚሠራ በዓይን ታየ። ቦሞንት ውጤቱን በ1833 አሳተመ። ሴንት ማርቲን ግን ደሃ ነበር፤ በሆዱ ላይ የተደረገውን ሁሉ በነፃነት የመረጠው ነው ማለት ይከብደኛል።

ታዲያ አሲዱ ጨጓራውን ራሱን ለምን አይበላውም? የጨጓራ ግድግዳ ወፍራም ንፍጥ ለብሷል፤ ንፍጡ ውስጥ አሲድን የሚያበርድ ባይካርቦኔት አለ። ያ መከላከያ ሲሳሳ ቁስል ይመጣል። እኛ አገር "ጨጓራዬን" ያላለ ሰው ማግኘት ይከብዳል፤ ጥፋቱንም ለበርበሬና ለቡና እንሰጣለን። በርበሬ ያለውን ሕመም ሊቀሰቅስ ይችላል። የጨጓራ ቁስል ዋና መነሻዎች ግን ሁለት ናቸው። አንዱ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ነው። ሌላው እንደ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ያሉ ማስታገሻዎችን ማዘውተር ነው።

ባክቴሪያው በዚያ አሲድ ውስጥ የሚኖረውም በኬሚስትሪ ነው። ዩሪያን ሰባብሮ አሞኒያ ያወጣል፤ አሞኒያ ቤዝ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ ነው፤ በዙሪያው ያለውን አሲድ ያበርድለታል። አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል የጨጓራ ቁስል የሚመጣው ከዚህ ባክቴሪያ ነው ሲል ብዙዎች ስላላመኑት በ1984 እ.ኤ.አ. ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣው። ብዙ ቀን ሳይቆይ ታመመ፣ ጨጓራው መቆጣቱም በምርመራ ታየ። በ2005 ከሮቢን ዋረን ጋር የኖቤል ሽልማት አገኘ። ስለዚህ ሐኪም መርምሮ የባክቴሪያውን መድኃኒት ካዘዘላችሁ እስከ መጨረሻው ቀን ውሰዱት። ሕመሙ ሲቀል ማቆም ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርጋል።

[ምስል፦ ብርጭቆ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳ። አቼቶ ይፈስበታል። አረፋው እስከ አፉ ይነሳል።]

አሁን ከጨጓራ ወጥተን ትንሹ አንጀት መግቢያ ላይ ነን። ያ ሁሉ አሲድ እንዲሁ ቢያልፍ አንጀቱን ያቃጥለዋል፣ የአንጀቱ ኢንዛይሞችም አይሠሩም። እዚህ ቆሽት ይደርሳል። ቆሽት የሚልከው ፈሳሽ ሶዲየም ባይካርቦኔት አለበት፤ አሁን ብርጭቆው ውስጥ የጨመርነው ሶዳ ማለት ነው። አቼቶው አሴቲክ አሲድ ነው። አሲድና ባይካርቦኔት ሲገናኙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፣ አረፋው እሱ ነው። አንጀት ውስጥ አሲዱ ሃይድሮክሎሪክ ስለሆነ ሦስት ነገር ይወጣል፦ ውሃ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ እና ሶዲየም ክሎራይድ።

ሶዲየም ክሎራይድ! ጨዉ ተመልሶ ጨው ሆነ። ሰሌዳ ላይ "አሲድ ሲደመር ቤዝ ጨውና ውሃ ይሰጣል" ብላችሁ የጻፋችሁት ይሄንን ነው። ይሄ ጨው አብዛኛው በአንጀት ግድግዳ አልፎ ወደ ደም ይገባል፤ ክሎራይዱም ተመልሶ ጨጓራ ሊደርስ ይችላል።

ቃር ሲይዛቸው ሶዳ በውሃ በጥብጠው የሚጠጡ አሉ። ለጊዜው ያስታግሳል፣ ግሳቱም የሚመጣው ከዚያው ጋዝ ነው። ነገር ግን ሶዲየም ያበዛል፤ ደም ግፊት ወይም የኩላሊት ችግር ላለበት ሰው ጥሩ አይደለም። ፋርማሲ የሚሸጠው የሚታኘክ ኪኒን ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለው ማግኒዥየም ሃይድሮክሳይድና አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ እነሱ አሲዱን ያለ ጋዝ ያበርዱታል። ቃሩ ከተመላለሰ ግን መመርመር ነው።

ሐሞትን በአጭሩ ልለፈው። ጉበት ይሠራዋል፣ የሐሞት ከረጢት ያጠራቅመዋል። ፈሳሽ ሳሙና በድስት ላይ ያለውን ዘይት እንደሚበታትን፣ ሐሞትም የወጡን ዘይት ወደ ጥቃቅን ጠብታ ይበትነዋል። ከዚያ ዘይቱን የሚቆርጠው ኢንዛይም በቀላሉ ይደርስበታል።

ከመቀጠላችን በፊት ግን ወላጆች፣ ይቺን ስሙኝ። ክሎሪን ቤታችን ውስጥ በሌላ መልክም አለ። በረኪና ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው፤ ፋብሪካ የሚሠራውም ከዚያው ከጨው ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በሮቶና በጄሪካን ስናጠራቅም፣ "ውሃ አጋር" ተብሎ ሲሸጥ የኖረው ማከሚያም ይኸው ውህድ ነው፣ እጅግ የቀጠነ። በአግባቡ ሲሆን ሕይወት ያድናል። በረኪናን ከአቼቶ ወይም አሲድ ካለበት የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር መቀላቀል ግን የክሎሪን ጋዝ ያወጣል፣ ያንኑ የጦር ሜዳውን ጋዝ። በጠባብ ሽንት ቤት ውስጥ ሳንባ ይጎዳል። በሃይላንድ ቀድቶ ማስቀመጥም ይቅር፤ ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ጠጥቶ ከተገኘ እንዲያስመልሰው አታድርጉ፤ ሲመለስ ጉሮሮውን ሁለተኛ ያቃጥለዋል። ሎሚ ወይም አቼቶም አትስጡት። አፉን አጉመጥምጡትና ጠርሙሱን ይዛችሁ በቶሎ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ።

[ምስል፦ አንድ ሊትር ውሃ፣ የሻይ ማንኪያ፣ ስኳር፣ ጨው።]

ወደ አንጀት እንመለስ። ትንሹ አንጀት የአዋቂ ሰው 6 ሜትር ገደማ ነው። በቀን ወደ 9 ሊትር ፈሳሽ ይገባዋል፤ የምንጠጣው 2 ሊትር ያህሉ ብቻ ነው፣ ሌላው ምራቅ፣ የጨጓራ ፈሳሽ፣ ሐሞት፣ የቆሽትና የራሱ የአንጀቱ ፈሳሽ ነው። ከዚህ ሁሉ ከሰገራ ጋር የሚወጣው ከ200 ሚሊ ሊትር አይበልጥም። ሌላው ይመጠጣል። ተቅማጥ ሲመጣ ይሄ መምጠጥ ይበላሻል፤ ሕፃን በአንድ ቀን ሊደርቅ የሚችለው ለዚህ ነው።

መፍትሔው እንደገና ጨው ነው፣ ከስኳር ጋር። በአንጀት ግድግዳ ላይ ሶዲየምንና ግሉኮስን አንድ ላይ ብቻ የሚያስገባ በር አለ። ሁለቱ ሲገቡ ውሃው ይከተላቸዋል። ለተቅማጥ በውሃ ተበጥብጦ የሚሰጠው ኦአርኤስ የሚሠራው በዚህ ነው፤ ተቅማጡ ሳይቆም እንኳን ውሃው ወደ ደም ይገባል። ጤና ጣቢያ ወይም ፋርማሲ ያለውን ፓኬት ማግኘት ይሻላል፤ ፖታሲየምም አለበት። ማታ ሆኖ ካላገኛችሁ፦ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ማንኪያው ልክ ይሁን፣ አይቆለል። ጨው ከበዛ ሕፃኑን ይጎዳዋል።

በጥቂት በጥቂቱ፣ ቶሎ ቶሎ ስጡት። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ ቀጥሉ። ጡት የሚጠባ ከሆነ ጡቱ አይቋረጥ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ ካጣ ወይም ከደነዘዘ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ውሰዱት። የበጠበጣችሁት 24 ሰዓት ካለፈው ድፉትና አዲስ በጥብጡ።