«ዋናው ነው» ያልሁበት ጧት

ዛሬ የመቅደላውን ሜዳሊያ ታሪክ እንደምጨርስላችሁ ቃል ገብቼ ነበር፤ ይቅር በሉኝ፣ ለሌላ ጊዜ አሳድሬዋለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቃል እየተመላለሰብኝ፣ እሱን ሳላወጣ ሌላ ነገር መናገር አቃተኝ። ቃሉ «ዋናው ነው» የሚለው ነው፤ ሰው አሮጌ ሜዳሊያ ሲያሳየኝ፣ ቅጂ አይደለም ለማለት የምናገረው። ከእኔ አፍ ስንት ጊዜ እንደ ሰማችሁት እናንተው ታውቃላችሁ።

እማማ የመጡት ከልጅ ልጃቸው ጋር ነበር። ማለዳ ነው፤ የጦሳ ተራራ ጉም ገና አልተገለጠም፤ ደሴ በዚያ ሰዓት ምን ያህል እንደምትበርድ ለወሎ ሰው አልነግርም። ቡናው እስኪፈላ እንኳን አልጠበቁም። የሻሻቸውን ጫፍ ቋጠሮ በጥርሳቸው ፈቱና አንዲት ጠይም ክብ ነገር መዳፌ ላይ አኖሩ። «የአያቴ ኒሻን ናት» አሉኝ። «ከራስ ሚካኤል ፈረሰኞች ጋር አድዋ ዘምቶ ያመጣት ናት። የሰፈር ሰው ግን ከገበያ የተገዛች የውሸት ናት ይላል። እውነቱን አንተ ንገረኝ፤ ሳልሞት ልወቀው።»

ገና ሳያት አውቄያታለሁ። በፊቷ የኢጣልያው ንጉሥ የኡምቤርቶ ቀዳማዊ ራስ አለ፤ በጀርባዋ በቅጠል ጉንጉን የተከበበ «ካምፓኜ ዳፍሪካ» የሚል ጽሑፍ አለ፣ የአፍሪካ ዘመቻዎች ማለት ነው። ኢጣልያ ይህችን ሜዳሊያ ያቋቋመችው በ1894 እ.ኤ.አ.፣ ከአድዋ ጦርነት አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ቀደም ብላ ሲሆን፣ ምጽዋን ከያዘችበት ከ1885 ጀምሮ በእኛ በኩል ለዘመቱት ወታደሮቿ መታሰቢያ እንድትሆን ነው። ሰማያዊ ጠርዝ ያለው ቀይ ሪባኗ ጠፍቷል፤ በምትኩ ላብ የጠጣ የቆዳ ጠፍር ገብቶባታል።

ከዚያ የማደርገውን ሁሉ አደረግሁ። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብዬ በማጉያው ጠርዟን ዙሪያውን አየሁ። ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የተደፋ ሜዳሊያ ጠርዙ ላይ የሁለቱ ቅርጾች መጋጠሚያ መስመር ይቀርበታል፣ ወይም ያንን መስመር ለማጥፋት የተሄደበት የሞረድ ጭረት ይታይበታል፤ ፊቱ ላይ አየር የተዋቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይኖራሉ፣ ፊደሎቹም እንደ ተላሰ ከረሜላ ይለዝባሉ፤ የቀለጠ ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ደግሞ ቅጂው ከዋናው በጥቂቱ ያንሳል። የእማማ ሜዳሊያ ከእነዚህ አንዱም የለባትም። በማተሚያ ብረት ተመትታ የወጣች ናት፤ የፊደሎቹ ጎን አሁንም ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ጥቁረቷም ዓመታት ያወረዱባት እንጂ ሰው የቀባት አይደለም፣ ከፊደሎቹ ጥግ ጠንክሮ ከፍ ካለው ቦታ ላይ ይሳሳል። በሎሚና በአመድ ያልፈተጓትን ሰዎች በልቤ አመሰገንሁ።

ቀና ብዬ «እማማ፣ ዋናው ነው» አልኋቸው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ነው ሌሊት ሌሊት ደጋግሜ የማየው። እማማ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ሜዳሊያዋን ከመዳፌ አንስተው ሳሟት፤ ግንባራቸውን አስነኳት፤ ከዚያም ወደ ልጁ ዞረው «ሰማህ? አያቴ አልዋሸም» አሉት። ስለ ነሐስ የተናገርሁት ቃል እሳቸው ጆሮ ሲደርስ ስለ ሰው የተመሰከረ ቃል ሆኖ ነበር፤ ይህንንም እዚያው በዚያች ቅጽበት፣ ዓይናቸው እንባ ሲሞላ አይቻለሁ። አላየሁም ብል እዋሻለሁ። ልጁም ቀና ብሎ አየኝ፤ እሱም ያየው መሰለኝ። አፌን ልከፍት ስል ቡናው ቀረበ። እማማ «አብሽር ልጄ፣ አላህ ያክብርህ» እያሉ ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ፤ እኔም ስኒውን ተቀበልሁ። አቦል ጠጣን፣ ቶና ጠጣን፣ በረካ ድረስ ቆዩ፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ማለት ነው፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ዓረፍተ ነገር አልጨመርሁም።

ልጨምረው የሚገባኝ ምን ነበር? ያቺ ሜዳሊያ አድዋ ላይ ከወደቀ የኢጣልያ ወታደር ደረት የተነጠቀች ልትሆን ትችላለች። የወሎ ፈረሰኛ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዋለበትን ውሎ የሚያውቅ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም፤ እኔም እንዲያ ቢሆን እወድዳለሁ፣ መውደዴንም አልደብቅም። ነገር ግን ኢጣልያ ሜዳሊያዋን በባንዲራዋ ሥር ለተሰለፉ የአገሬው ተወላጅ ወታደሮች፣ ለአስካሪዎችም ሰጥታለች። አድዋ ላይ ከተማረኩት አስካሪዎች ብዙዎቹ ቀኝ እጃቸውንና ግራ እግራቸውን ተቆርጠዋል፤ እንዲህ ያለች ሜዳሊያ ይዞ ወደ መንደሩ የተመለሰ ሰው ቢኖር፣ ለልጆቹ ስለ እሷ ምን ብሎ እንደሚነግራቸው መገመት ይቻላል። ሦስተኛም መንገድ አለ። ባቲ ወደ አሰብ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት፤ በሰኞ ገበያዋ ከማርያ ትሬዛ ብር ጋር ስንት የባዕድ ብረት እጅ ሲለዋወጥ ኖሯል፤ የሰፈሩ ሰው ያለውም ይህንኑ ነው።

መቅደላን ዛሬ አላነሣም ብዬ ነበር፤ ግን እዚህ ላይ የግድ ይመጣል። እንግሊዞች በ1868 እ.ኤ.አ. ለዘመቱት የመቅደላ ዘመቻ የሰጡት የብር ሜዳሊያ፣ የንግሥት ቪክቶሪያን ምስል የከበበ ባለ ዘጠኝ ጫፍ ኮከብ አለው፤ «አቢሲንያ» የሚለው ስም በእነሱ አጻጻፍ ዘጠኝ ፊደል ስለሆነ አንዳንዱ ፊደል በጫፎቹ መካከል ተቀምጧል። ያ ሐሰተኛ ሜዳሊያ የመጣልን ጊዜ እንዴት እንደ ተያዘ ታስታውሳላችሁ፤ ሠሪው እንግሊዞች የወታደሩን ስም ጠርዝ ላይ እንደሚጽፉ ያውቅ ነበርና ጠርዙ ላይ ጻፈው፣ የዚህ ዘመቻ ሜዳሊያ ግን ስሙ ያለው ከጀርባው መካከል ነው። ለእንግሊዝ ወታደሮች የተሰጠው የእያንዳንዱ ስም ከብሩ ላይ ጎልቶ እንዲወጣ ተደርጎ ተሠርቷል፤ ይህም ለአንድ ሰው ሲባል ብቻ ለየብቻው ቅርጽ ማዘጋጀት ስለሚጠይቅ ብዙ ወጪ አስወጥቷል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት፣ አፄ ቴዎድሮስ ወደ ወደቁበት አምባ የወጣ የ33ኛው እግረኛ ሬጅመንት ተራ ወታደር ስሙ ዛሬም ይነበባል፤ ለንደን ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ከስም ዝርዝሩ ጋር ማመሳከርም ይቻላል። የኢጣልያዋ ግን ስም አይጻፍባትም። ለማን እንደ ተሰጠች የሚናገረው አብሯት የሚሰጥ ወረቀት ነበር፤ ወረቀቱ ከሌለ ነሐሱ ብቻውን ምንም አይልም።

ምንም አይልም ማለቴ ልክ ነው ወይ? አንድ ነገር አይቻለሁ። የጠፍሩ ቀለበት ከላይ በኩል በመበላት ብዛት እንደ ክር ቀጥኗል፤ ስለዚህ አንድ ሰው ለብዙ ዓመት አንገቱ ላይ እንደ ክታብ አንጠልጥሏታል። የንጉሡ አፍንጫና ያ ወፍራም ጢሙ ተፍቆ ጠፍጥፎ ሲቀር፣ የጀርባዋ ቅጠሎች ግን ጅማታቸው ሳይቀር ይታያል። የንጉሡን ፊት ወደ ደረቱ አዙሮ የሚያንጠለጥል ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው ብዬ ሁለት ሌሊት አሰብሁ። የማረከውን ጠላት ፊት ማየት ያስጠላው ሰው ነው አልሁ፤ በነጋታው ደግሞ ያገለገለውን ጌታ ፊት ከሰው ዓይን የሚደብቅ ሰው ነው አልሁ። በኋላ ግን እማማ እያወሩ ሳሉ የቀኝ አውራ ጣታቸው ምን ይሠራ እንደ ነበር ትዝ አለኝ። ያወሩት በቆዩበት ጊዜ ሁሉ የንጉሡን ፊት ሳያዩ እያሹ ነበር። እናታቸውም እንዲሁ ስታሽ ኖራ ይሆናል።

ባለፈው ሐሙስ ልጁ ደውሎ ወረቀት ጠየቀኝ። በፍሬም ሆኖ ከሜዳሊያዋ ጋር ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ የእኔ ፊርማ ያለበት። «እማማ እንደ ነገሩህ አድርገህ ጻፈው» አለኝ፤ ድምፁ ውስጥ ልመና ነበር ወይስ እኔ ነኝ የሰማሁት፣ አላውቅም። ጠረጴዛው ላይ ሁለት መስመር አለ፤ የሜዳሊያዋ ስምና ዓመት፣ ተመትታ የወጣችና ያልተነካካች መሆኗ። ከዚያ በታች «በቤተሰቡ ቃል መሠረት» ብዬ ጀምሬ ሰረዝሁት፤ እንደ ገና ጻፍሁት። ይህ ሐረግ ለእኔ ጥንቃቄ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ግን ሲያነበው «አየህ፣ እሱም አላመነም» ይላል።

እማማ ልጅ ሳሉ አያታቸውን በሕይወት አግኝተዋቸው እንደ ሆነ አልጠየቅሁም። አግኝተዋቸው ከሆነ አንገታቸው ላይ አይተዋት ይሆናል፤ ወደ የትኛው በኩል ዞራ እንደ ነበርም ያስታውሱ ይሆናል። ልደውል ሁለት ጊዜ ስልኩን አንስቻለሁ። ግን ለምን ጠየቅኸኝ ይሉኛል፤ «ዋናው ነው ብለኸኝ የለም ወይ» ይሉኛል፤ ያን ጊዜ ደግሞ...

እንግዲህ ልጁ ነገ እደውላለሁ ብሏል።